ከሰኞ እስከ ዓርብ የዞረው ቢላ

በካፋ ምድር ቲማቲምን ማን አስተማረ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ቦንጋ ላይ ቲማቲም የሚባለው ከጅማ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሶ፣ ግማሹ ሣጥኑ ውስጥ ተጨፍልቆ የሚገባ ቀይ ጭቃ ነበር። እኔ ቀጸላ ነኝ፤ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ፣ ታች ወንዙ ዳር ያለውን መሬት አብቅል ስለው ያበቀለልኝ፣ አፍራ ስለው ያፈራልኝ። የእኔ ቲማቲም አንዱ ፍሬ የሕፃን ራስ ያህላል። የሺሺንዳ ገበያ ሴቶች በሁለት እጃቸው ነበር የሚያነሱት። የሞዴል አርሶ አደርነት ሰርተፍኬቴን ለማየት ከዋጫ ድረስ ሰው መጥቷል። ባለቤቴ የሻረግ ግን «የዋጫው ሰውዬ መንገድ ጠፍቶት ነው የገባው» ትላለች። ሚስት ናት፤ ትበል።

ይህን ሁሉ የምለው ለጉራ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ የደረሰው ነገር ምን ያህል እንደሚያናድድ እንዲገባችሁ፣ መጀመሪያ በማን ላይ እንደደረሰ ማወቅ አለባችሁ።

ያን ጊዜ አንድ ለአምስት አደራጅተውን ነበር። ከቡድኑ ወንዝ ዳር የመስኖ መሬት ያለን አምስት ነን፤ እትዬ በዛወርቅ፣ እኔ፣ ሙሌ፣ ተሾመችና ወልደሥላሴ። ማሳዎቻችን በአንዲት ቦይ ላይ በተርታ የተደረደሩ ናቸው። ውኃው መጀመሪያ የሚገባው እትዬ በዛወርቅ ማሳ ነው፤ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሦስቱ ይወርዳል። ሥራውን በዳዶ ነበር የምንሠራው፤ ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ በተራ መዞር ነው። ሰኞ እትዬ በዛወርቅ ዘንድ፣ ማክሰኞ እኔ ዘንድ፣ ረቡዕ ሙሌ፣ ሐሙስ ተሾመች፣ ዓርብ ወልደሥላሴ።

ሌሎቹ ያርማሉ፣ እንጨት ይተክላሉ፣ ግንዱን ያስራሉ። የጎን ቀንበጡን መቁረጥ ግን የእኔ ብቻ ነው። ቢላዬን ካላያችሁ ቢላ አላያችሁም። ከላንድሮቨር ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ፀጉር በአየር ላይ ይሰነጥቃል። በዚያ ቢላና በዚህ እጅ ያልተቆረጠ ቲማቲም፣ ቲማቲም ነኝ ብሎ ባይቆም ይሻለዋል።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ቢላ አለኝ» ይለኛል ሙሌ፣ የታች ጎረቤቴ። ነገር ካልቆሰቆሰ የማይውል ሰው ነው።

«ያንተ ቢላ ቅቤ ይቁረጥ።»

«ቅቤውን ማን አየውና!»

ቅዳሜ ቅዳሜ ያው ቢላ ጓሮ ይገባል፤ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል እመለምልበታለሁ። እዚያ አዛዧ የሻረግ ናት። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላ እንደሚጋባ ካፋ ውስጥ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ፍም ይዛ ትቆምና «አስልሰው» ትለኛለች፤ ስለቱን እሳት አስልሳለሁ። ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስሻገር እንደገና። ስጨርስ እንደገና። አንድ ቀን «ለቲማቲሙስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት። ቲማቲም እንሰት ነው እንዴ? እንሰት ከአባት የወረስነው ቤተሰብ ነው። ቲማቲም ሦስት ወር አርፎ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ለመንገደኛ ማን ይህን ያህል ይሸበራል?

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ ማሳዬ ስገባ አንድ መስመር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀኝ። ውኃ ጠምቶት ነው ብዬ ቦዩን ለቀቅሁበት። ማታ ቀና አለ። በማግሥቱ ሦስት መስመር ደፋ፤ ይኼኛው ቀና አላለም። በአራተኛው ቀን ያ ሁሉ ፍሬ የተሸከመ ተክል፣ ቅጠሉ ቢጫ እንኳን ሳይሆን፣ እንደተቀቀለ ጎመን እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቆሞ ነው የሚሞተው። እንዲህ ያለ ሞት ደግሞ ያናድዳል፤ ወድቆልህ እንኳን አትገላገለውም።

ማንኮዜብ ረጨሁ። ደግሜ ረጨሁ። አንድ ማንኪያ በተባለበት ሁለት አደረግሁ። ወንዙ ወተት እስኪመስል ረጨሁ። ቲማቲሙ እንደ ምርቃት ተቀብሎ ሞተ።

የእኔ መድፋት በጀመረ በሁለተኛው ቀን የሙሌ ተከተለ። ከዚያ የተሾመች። ከዚያ የወልደሥላሴ። ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚደርስ በየተራቸው ደረሱ። የቆመው የእትዬ በዛወርቅ ብቻ ነው። እሳቸው ባል የሞተባቸው፣ ከዚያች ማሳ በቀር ሌላ እርሻ የሌላቸው ሴት ናቸው። ግንዳቸው ላይ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቡናማ ሰንበር ወጥቶበት «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» እያሉ ይጨነቁ ነበር። አሁን ግን ያ ሰንበራም ተክል ከነፍሬው ቆሟል፤ የእኔ ንጹሑ ተኝቷል። ፍርድ ነው ይሄ?

የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ በእምነት መጣች። የዋጫ ልጅ ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምታወራው እንደምትጽፈው ነው፣ ነጥብ በነጥብ።

«ስንት ግንድ ነው የተጎዳብዎት፣ ጋሽ ቀጸላ?»

«አምስት ሺህ።»

መዝገቧን ገለጠች። «እዚህ ያለው ስድስት መቶ ነው።»

«እንግዲያው ስድስት መቶው ሁሉ።»

ብርጭቆ ውኃ አስመጣች። ከጥግ ላይ ካለ ከጠወለገ ተክል ግንድ ቆርጣ ጫፉን ውኃው ውስጥ አንጠለጠለችው። ቆመን አየን። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው ቦታ ቀጭን ነጭ ክር እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ወረደ። ሙሌ አፉን ያዘ።

«ይሄ ባክቴሪያ ነው» አለች። «አጠውልግ። ውኃ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍነዋል። ማንኮዜቡ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ለዚህ ከንቱ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስረጭ ነበር?»

«ጉልበትዎን» አለ ሙሌ።

ቀጥላ ከማሳዬ መሐል ሌላ ግንድ አንሥታ ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ መሰላል ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ተቦርቡሯል። «ይሄ ደግሞ ሌላ ነው። እሱም ባክቴሪያ ነው፣ ግን የግንዱን ልብ የሚቦረቡር። እትዬ በዛወርቅ ዘንድ ያለው ይሄ ነው። እሳቸው ጋ የሚቦረቡረው ብቻ ነው ያለው፤ እርስዎ ጋ ጥጉ ላይ የሚያጠወልገው ብቻ አለ፤ ከዚያ በቀር ሁሉም ግንድ ውስጥ ሁለቱም አሉ።»

«ሁለት በሽታ በአንድ ግንድ?»

«ሁለት በሽታ በአንድ ግንድ።»

«የእኔ ቲማቲም ነው እንዲህ እንግዳ የሚበዛበት?»

ሪፖርት ጽፋ ወደ ላይ ላከች። በሳምንቱ ተመለሰ። ቅጹ ላይ «የበሽታው ስም» የሚል አንድ መስመር ነው ያለው፤ እሷ ሁለት ስም አጭቃበት ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ዋናው አንዱ ብቻ ይጠቀስ» ብለው ጽፈውበታል። በእምነት ወረቀቱን ይዛ በሬ ላይ ቆማ፣ ያቺ ነጥብ በነጥብ የምታወራ ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥቧ ጠፋባት። «አንዱን ብጽፍ እኮ ውሸት ነው! ሌላውን ብጽፍም ውሸት ነው!» እኔም አብሬ ተናደድኩ። አንድ ሰው የእኔን ማሳ የገደለ ነገር በአንድ መስመር ይበቃል ብሎ ሲያስብ፣ ንቀት ነው።

ግን እውነቱን ልናገር። የተናደድኩበት ሌላም ነገር ነበር።

አምና፣ እዚያው ጥግ ላይ፣ አንዳንድ ግንዶች ጠውልገውብኝ ነበር። ልክ እንዲህ፣ ቆመው። የሞዴል አርሶ አደር ማሳ በሽታ አያውቅም። ሰው ሳያይ ነቅዬ፣ በጆንያ አድርጌ፣ ገደል ጣልኩት። ለበእምነት አልነገርኩም፣ ለዳዶው አልነገርኩም፣ ለየሻረግ እንኳን አልነገርኩም። ዘንድሮም ጥጉ ላይ አንዳንዱ ቀትር ላይ ደፋ ሲል፣ ሲመሽ ቀና ሲል አይቻለሁ። ይሄ ብርድ ያለበት አገር ነው፣ በሽታውም ሰነፍ ነው፤ ይተወኛል ብዬ፣ የደፉትን በቢላ ሳልነካ እያለፍኩ፣ ዝም አልኩ።

የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበራችን «የበሽታው ምንጭ ከታወቀ ያ ማሳ ይነቀላል፣ ይቃጠላል፤ አለበለዚያ ለከርሞም አይለቀንም» ሲል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ እጄን አነሣሁ። እጄ ነው የተነሣው፤ እኔ ገና ሳስብ ነበር።

«ውኃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው» አልኩ። «ቦዩ ራስ ላይ ያለው ማን ነው? ከታኅሣሥ ጀምሮ ግንዱ የታመመው የማን ነው? እኔ ስም አልጠራም።»

ስም መጥራት አላስፈለገም። እትዬ በዛወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። «ቀጸላ» አሉ፣ «ያንተ ሲወድቅ የእኔ መቆሙ ነው ጥፋቴ? አራት መቶ አሥራ ሁለት ግንድ ነው ያለኝ። ሦስት ሳምንት ብትተዉት ፍሬው ይቀላል። ሦስት ሳምንት!»

«እኔ ለቀበሌው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉኝ። አልተረጉመውም። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ግን ተሳሳቁ።

በእምነት ተነሥታ ለመነች። «ሁለት ሳምንት ስጡኝ። በጣሳ ልሞክር። የትኛው እንደሚገድል ይታያል፤ ከዚያ ትነቅላላችሁ።» ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና ፈቀደ። የእትዬ በዛወርቅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ግንድ በዚያ ሁለት ሳምንት ላይ ተንጠለጠለ።

የገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ በረንዳ ላይ፣ ለጣሳ የሚሆኑ የተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ደረደረች። አዲስ አፈር፣ ጤነኛ ችግኝ። ለሦስቱ ከእኔ ጥግ የተጨመቀውን በመርፌ ወግታ ሰጠችና ነጭ ክር አሰረችባቸው። ለሦስቱ የእትዬ በዛወርቅን ሰጥታ ቀይ ክር። ለሦስቱ ሁለቱንም፣ ሁለት ክር። ለሦስቱ ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ክር የለም። እኔ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «መቶ ሃያ ችግኝ የፈሰሰበት ምርምር ነው» እያልኩ አስጎበኝ ነበር፤ እሷ ከኋላዬ «አሥራ ሁለት» ትላለች።

አሁን የእኔን ስሌት ተመልከቱ፤ ሰይጣን ቢሰማው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ገዳዩ አጠውልጉ እንደሚሆን ሁላችንም አውቀናል፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ጥግ የመጣው፣ ባለነጩ ነው። በማግሥቱ በእምነት ለስብሰባ ቦንጋ ወጣች። እኔ በቀትር፣ ጥላዬ እግሬ ሥር ሲገባ፣ በረንዳው ላይ ወጣሁ። የነጮቹን ክር ፈታሁ፣ የቀዮቹን ፈታሁ፣ አቀያየርኳቸው። ባለሁለት ክሮቹን አልነካሁም። ከእንግዲህ የሚሞተው ባለቀይ ነው፤ ቀይ ደግሞ እትዬ በዛወርቅ ናቸው። እያፏጨሁ ወረድኩ።

በአምስተኛው ቀን ሄድኩ። ባለቀዮቹ ቆመዋል። ባለነጮቹም ቆመዋል።

በሰባተኛው ቀን ሄድኩ። ከባለቀዮቹ አንዱ ቀትር ላይ ቅጠሉን ደፋ አደረገ። «አይዞህ» አልኩት፣ «በርታ፣ ውደቅ።» ሲመሽ ቀና አለ። ከባለነጮቹ አንዱ ግንዱ ላይ ሰንበር አወጣ፤ እሱም ቆመ። የእኔ ገዳይ አይገድልም፣ የእሳቸውም ገዳይ አይገድልም! ባለሁለት ክሮቹ ግን ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንደኛው ግንዱ መሐል ላይ ለስልሶ ታጥፏል። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱም አለቁ።

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ተንኮል ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ከንቱ የሆነብኝ ግን የለም። ምልክቱን ብቀያይር ባልቀያይር ያው ነው። ብቻውን የሚገድል የለም። ነጩ ቧንቧውን ይደፍናል፣ ቀዩ ልቡን ይቦረቡራል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ተክሉ እየታመመም ይችላቸዋል፤ ሲገናኙ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ጥያቄው ማን ገደለ ሳይሆን፣ ማን አገናኛቸው ነው የሚሆነው።

ቤት ስገባ የሻረግ ቆጮ እየከተፈች ነበር። ነገርኳት፤ ክሩን ሳይሆን የጣሳውን ውጤት።

«ሰኞ በዛወርቅ ጋ ትቆርጣለህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«ማክሰኞ ያንተን።»

«እሺ።»

«ቅዳሜ እሳት ያየ ቢላ ሰኞ ንጹሕ ነው። ማክሰኞ የበዛወርቅን ይዞ ወዳንተ ይገባል። ረቡዕ የሁለታችሁን ይዞ ሙሌ ጋ ይገባል። እስከ ዓርብ።» አሁን ቀና አለች። «ለእንሰቱ እሳት ታስልሰዋለህ።»

«ቲማቲም እንሰት ነው እንዴ?» አልኩ።

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ሺህ ሰው ነበር። በእምነት በኋላ «አርባ» ብላ ነው የመዘገበችው። እኔ ስገባ ጠጋ አለችኝና፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ጋሽ ቀጸላ፣ ክሮቹን ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ» አለችኝ።

«የምን ክር?»

«ከሥር፣ ጀሪካኑ ላይ ቁጥር ጽፌበት ነበር።» ጥላኝ ሄደች። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ጣሳዎቹን አሳየች። ለየብቻ የቆሙትን፣ አብረው የሞቱትን፣ ንጹሕ ውኃ የጠጡትን። ከዚያ ሙሌን አስነሣችው። ሙሌ የተያዘ ሌባ ይመስል ራሱን አከከ።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ረቡዕ ረቡዕ እኔ ማሳ ላይ እርስዎ ውኃ ሊጠጡ ሲወጡ፣ ዳር ያሉትን ሁለት መስመር እኔ በራሴ ቢላ እቆርጣቸው ነበር።»

«በቅቤው ቢላ?»

«በቅቤው። ሁለቱ መስመሮች እስካሁን ቆመዋል። የቀረው ሁሉ አልቋል።»

ሳቁ እንደ በረዶ ወረደብኝ። በእምነት ግን አልሳቀችም። «ሁለቱ መስመሮች የጠጡት ያንኑ የቦይ ውኃ ነው» አለች። «ልዩነቱ ቢላው ነው። ሁለቱን በሽታ አንድ ግንድ ውስጥ ያስገባው ቢላ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ወገቤ ዞረ። ቢላዬ እዚያው ነበር። ስለቱ በዚያች ሰዓት እንኳን ያበራ ነበር፤ የማያፍር።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢላው አገናኘ፤ እሺ። ግን ቢላው ሥራ የሚጀምረው ሰኞ ነው፣ በዛወርቅ ጋ። ውኃውም የሚጀምረው እዚያ ነው። ሁለቱም በሽታ ከዚያ አልመጡም ብለን እንዴት እናምናለን?»

«ከእሳቸው ማሳ አሥር ግንድ በብርጭቆ ፈትኛለሁ» አለች በእምነት። «ነጭ ክር የወጣበት የለም።»

«ከአራት መቶው ውስጥ አሥሩን ብቻ? የቀረው ውስጥ ቢኖርስ? እኔ ለከርሞ ማን ይጠይቀኛል መሰለሽ? የሚያጠወልገው ሌላ ቦታ ቀድሞ እንደነበረ የሚመሰክር ካለ ይናገር። ከሌለ፣ ነገ ጠዋት የበዛወርቅ ማሳ ይነቀላል።»

እትዬ በዛወርቅ በዚህ ጊዜ አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኔን ያዩኛል። እንዴት እንደሚያውቁ አላውቅም። የጎረቤት ማሳ እኮ ነው፤ አምና ጆንያ ተሸክሜ አይተውኝ ይሆናል። ካዩም አልተናገሩም። እኔ እንድናገር ጊዜ ሰጡኝ፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ያናድዳል።

በእምነት እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ሙሌ መሬት መሬት አየ። የሻረግ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ምንጩ። አጠውልጉ አምና እኔ ጥግ ላይ ነበር። በዚህ ወረዳ፣ ምን በወረዳ፣ በመላው ካፋ፣ እንደ እኔ በሽታ አሳድጎ፣ ቀልቦ፣ በቢላ ተሸክሞ ከቤት ቤት ያዳረሰ ገበሬ የለም! ከማንኪራ እስከ ዋጫ ፈልጉ፣ አታገኙም!» አፌ እንደለመደው ሮጠ። «ነቅዬ ገደል ጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰርተፍኬቴን ፈርቼ።»

«ስንት ግንድ ነበር?» በእምነት እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለች።

አፌን ከፈትኩ። ሦስት መቶ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ጥፋት እንኳን ቢሆን ጥፋቱ ልክ ይኑረው እንጂ።

«ሦስት» አልኩ።

«ሦስት መቶ?» አለ ሙሌ፣ ሊያግዘኝ ፈልጎ።

«ሦስት! ሦስት ግንድ! አትሰማም? በሁለት እጄ ይዤ የነቀልኳቸው ሦስት ግንድ! ያኔ ብናገር ኖሮ ያቺን ጥግ ቲማቲም እንዳልተክልባት ያደርጉኝና ያልቅ ነበር!»

በእምነት «3» ብላ ጻፈች። ያቺ ቁጥር ወረቀቱ ላይ እንዴት ታንሳለች!

በማግሥቱ አራት ማሳ ተነቀለ፤ የሙሌ ሁለት መስመር ሳይቀር። ሙሌ እነዚያን ሁለት መስመር ሲነቅል እኔን እያየ ነው። አጠውልጉ አፈሩ ውስጥ ስላለ፣ ሦስት ዓመት ቲማቲም እንዳታስቡ ተባልን፤ በቆሎ ዝሩ። ሰርተፍኬቱን ማንም አልጠየቀኝም። የሻረግ ራሷ አወረደችውና ጀርባውን አዙራ መልሳ ሰቀለችው። «ለጊዜው ነው» አለች። በእምነት ቅጹን እንደገና ላከች፤ በዚያችው አንድ መስመር ላይ ሁለቱን ስም በትንንሹ ጽፋ። እንደገና ተመለሰ። እንደገና ላከች። ስታልፍ አያታለሁ፤ ቦት ጫማዋን እየመታች ትሄዳለች።

የእትዬ በዛወርቅ ማሳ ቆሟል።

ሰኞ ጠዋት ሰው ላኩብኝ። አላምን ብዬ ሄድኩ። ማሳው ዳር ላይ ድንጋይ ጎልተው እሳት አንድደዋል፤ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ፍሬው ከታች በኩል መቅላት ጀምሯል። የሚያምር ፍሬ ነው፤ ከእኔ ያንሳል፣ ግን ያምራል።

«ዛሬ የእኔ ተራ ነው» አሉ። «ቀንበጥ በዝቶበታል። ቁረጥ።»

«እትዬ፣ ሌላ ሰው…»

«ያንተ እጅ ነው የለመደው። ቢላህን ግን መጀመሪያ።»

ስለቱን ፍሙ ውስጥ ከተትኩት። ያ ፀጉር የሚሰነጥቅ ስለት ጠቆረ። አንዱን ግንድ አጸዳሁ፣ ወደ ሁለተኛው ልሻገር ስል «ና» አሉኝ።

«ለእያንዳንዱ?»

«ለእያንዳንዱ።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው እኮ!»

«አራት መቶ አሥራ አንድ ቀርቶሃል። እኔ እቆጥራለሁ፤ ያንተን ቆጠራ አላምነውም።»

ተመለስኩ። አጎነበስኩ። ጭሱ ዓይኔን ለበለበኝ። አንዱን ልቁረጥና ልመለስ፣ አንዱን ልቁረጥና ልመለስ፤ ወገቤ እስኪቆረጥ። ሙሌ ከታች ከባዶው ማሳው ድንበር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የቅቤውን ቢላ ላውስዎት?» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ቀን ይምጣብኝ?

በአሥራ ሰባተኛው ላይ ብልጠት ሞከርኩ፤ ስለቱን እሳቱ ላይ ነካ አድርጌ ዘወር አልኩ።

«ገና ነው» አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ ቀና ሳይሉ። «መልሰው።»